የአክስቴ ምድጃ ለምን ደከመ?

የዛሬው ጨዋታችን ከአንድ ምድጃ ይነሣል፤ ከዚያ ወደ በረት ይገባል፤ መጨረሻው ደግሞ የፋሲካ ቅርጫ ነው። «ይኼን ሁሉ ምን አገናኘው?» ብትሉ እኔም የጠየቅሁት እሱኑ ነበርና ታገሡኝ።

ሚኤሶን ምናልባት የምታውቋት ከመኪና መስኮት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ አሰቦትን አልፋችሁ፣ ወደ ጭሮ የሚያወጣው ዳገት ከመጀመሩ በፊት የምታገኟት ሞቃት ከተማ ናት። ጭሮን ትልልቆቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የድሮው ባቡርም የአዲሱ ባቡርም ሃዲድ በሚኤሶ በኩል ያልፋል። አዲሱን መስመር የገነቡት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን የተካፈሉትም እዚያው ላይ ነው፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ድንበር።

ለእኔ ግን ሚኤሶ ማለት አክስቴ ናት። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት እረፍቴን ያሳለፍኩት እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ካለፈ ወዲህ የምትኖረው በከብቶቿ ነው። አራት በሬ ታደልባለች፣ አንድ የምትታለብ ላም አለቻት፣ ፍየሎችና ዶሮዎችም አሉ። የሐረርጌ ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ ሳታውቁ አትቀሩም፤ ሜዳ ላይ አይለቀቅም። ቤት ታስሮ፣ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ሲሳሳ የሚነቀለውን ተክል፣ ቅጠሉንና አገዳውን በእጅ እየጎረሰ ነው የሚሰባው። አክስቴ በሬዎቿን ስታጎርስ ያየ ሰው ልጆቿን የምታበላ ይመስለዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከበረቱ ጀርባ የባዮጋዝ ማብላያ አሠርታለች። ይኼ ነገር በአገራችን በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲቋቋም ነው፤ መጀመሪያ የተያዙትም ኦሮሚያ፣ አማራ፣ ትግራይና የያኔው ደቡብ ክልል ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር 14,000 ማብላያ ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ተሠርቷል። ሞዴሉ ከኔፓል ተወስዶ ለእኛ አገር እንዲስማማ የተደረገ ሲሆን ስሙም «ስንዱ» ነው። እኔ በሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆንኩ ስም አወጣጥ ላይ አስተያየት መስጠት ልማዴ ነው፤ ይኼኛው ስም ግን አንደኛ ነው። በየቀኑ ቢያንስ 20 ኪሎ እበትና ተመጣጣኝ ውሃ ይፈልጋል፤ አራት ከብት ያለው ቤተሰብ ይበቃዋል ማለት ነው። የሚኤሶ ሙቀት ደግሞ ለማብላያ ሥራ ተስማሚ ነው። ችግሩ ውሃው ነው፤ በጄሪካን ይገዛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚኤሶ የሄድኩት የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ ለዘመድ ጥየቃ ብቻ ሳይሆን ለሥራም። ቢሮ ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን የፋሲካ ቅርጫ ገብተን ነበር፤ በሬውን የማቀርበው ደግሞ እኔ ነኝ። ቦራ የሚባለውን የአክስቴን ሰንጋ ፎቶ አስልኬ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩም «በማሽላ አገዳ በእጅ የደለበ፣ ንጹሕ የሐረርጌ ሰንጋ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይቺን «ንጹሕ» የምትል ቃል ያዙልኝ።

ገና ከመግባቴ አክስቴ ቡና ልታፈላልኝ ምድጃዋን ለኮሰች። ድሮ ሰማያዊ ሆኖ እየፎከረ የሚነደው እሳት አሁን የሻማ ያህል ሆኗል። ጀበናው ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልፈላ አለ። በመጨረሻ አፈረችና ከሰል አያያዘች።

«ሰሞኑን ደክሞብኛል ልጄ» አለችኝ፣ ስለ ታመመ ሰው እንደሚወራ።

በማግሥቱ የሆሳዕና ዕለት፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ በአካባቢው የባዮጋዝ ማብላያዎችን እየዞረ የሚያይ ባለሙያ ነው። ገና ምድጃውን እንዳየ ሦስት ነገር ጠየቀ። «እማማ፣ ውሃ ቀንሰዋል?» አዎ፣ ጥቂት። «እበቱስ እንደ ድሮው ነው?» እንደ ድሮው ነው። «ከብቶቹን መርፌ አስወግተዋል?»

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ከጥጃው ማሰሪያ አጠገብ፣ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የተሰካ ቡናማ ጠርሙስ አመጣች። ኦክሲቴትራሳይክሊን ይላል፤ 20 በመቶ። ከብት አርቢ ሁሉ «ኦክሲ» የሚለው ነው። በሬዎቹ ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ነበርና ገበያ ላይ ከሚሸጥ ሰው ገዝታ አራቱንም አስወግታለች። መቼ? ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን። እኔ ቅዳሜ ስደርስ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል ማለት ነው። በሬዎቹ ድነዋል፤ ቦራም መብላት ጀምሯል። እሷ በዚያው ረስታዋለች።

ልጁ ያስረዳኝን እኔም በኋላ አንብቤ ያጠናሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማብላያ፣ ስሙ እንደሚለው፣ እበት የሚብላላበት ሆድ ነው። ውስጡ ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ቡድን የመኖውን ቅሪት ይሰባብራል፣ ሁለተኛው ያንን ወደ አሲድ ይለውጣል፣ የመጨረሻዎቹ ሚቴን ይሠራሉ። የፋብሪካ መስመር በሉት፤ ከመሐል አንዱ ሥራ ሲያቆም መጨረሻ ያለው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። በሬው የተወጋው መድኃኒት ባክቴሪያ እንዲገድል ወይም እንዲያዳክም የተሠራ ነው። ሥራውን በሬው ውስጥ ሲጨርስም አይጠፋም። ከኦክሲቴትራሳይክሊን ብዙው ሳይለወጥ፣ መድኃኒትነቱን እንደያዘ በሽንትና በእበት ይወጣል። ያ እበት ደግሞ በየጠዋቱ ተሰብስቦ ወደ ማብላያው ይጨመራል።

አንድ በሬ ቢወጋና የሌሎቹ እበት ቢያቀጥነው ማብላያው ብዙም ላይሰማው ይችላል። የአክስቴ ግን አራቱም በአንድ ቀን ነው የተወጉት፤ በዚያ ላይ ውሃው ቀንሷል። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ በኦክሲ ላይ አልከምርም። ሆኖም ውሃ ከዚያ በፊትም የሚቀንስበት ጊዜ ነበር፤ ምድጃው እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከመድኃኒቱም ሌላ የመኖ ተጨማሪዎች ጉዳይ አለ። ውጭ አገር በከብት መኖ ላይ የሚጨመር ሞኔንሲን የሚባል ነገር አለ። ከሚጨመርባቸው ምክንያቶች አንዱ በከብቱ ሆድ የሚሠራውን ሚቴን መቀነሱ ነው፤ መኖው በግሳት ከሚባክን ሥጋ እንዲሆን። እንግዲህ አስቡት፦ ሚቴንን የሚቀንስ ነገር በእበት ተርፎ፣ ሚቴን ለማግኘት ወደተሠራ ጉድጓድ ሲገባ! እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሞኔንሲን ከበሉ ከብቶች የተወሰደው እበት ጋዙን ክፉኛ አዘገየው፤ ረቂቅ ሕዋሳቱ ለመላመድ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

የአክስቴ በሬዎች የሚበሉት የማሽላ አገዳ ነውና ይኼ አይነካቸውም። ዶሮዎቹስ? የሌማት ትሩፋት እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጀመረ ወዲህ የ45 ቀን ጫጩትና ከፋብሪካ የሚመጣ የዶሮ መኖ ብዙ ግቢ ገብቷል። በንግድ የሚዘጋጅ የዶሮ መኖ ውስጥ የዶሮ ተቅማጥ እንዳይነሣ የሚከላከሉ መድኃኒቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሞኔንሲንም በዓለም ገበያ ከእነዚህ አንዱ ነው። መዳብና ዚንክም ለዕድገት ይጨመራሉ፤ አብዛኛው በኩስ ተመልሶ ይወጣል። መድኃኒት ቢያንስ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ መዳብ ግን ብረት ነው፤ አይበሰብስም፣ አይተንም። አፈር ላይ ሲደፋ በየዓመቱ እየተከማቸ ይሄዳል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለማሳደጊያ ብቻ ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ ከመኖ ጋር መስጠትን ከልክለዋል፤ በ2022 ደግሞ ለአሳማ ግልገሎች በመድኃኒትነት የሚሰጠውን ዚንክ ኦክሳይድ አግደዋል። ስለዚህ የዶሮ ኩስ ማብላያ ውስጥ የምትጨምሩ ከሆነ የመኖውን ከረጢት ጽሑፍ አንብቡት።

«እሺ፣ ታዲያ በዚያ እሳት የተቀቀለውን ወጥ አልበላም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብሉ! ይኼን መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚነደው ሚቴን ነው፤ አብሮት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ትንሽ ሽታ ያለው ጋዝ ይመጣል። መድኃኒቱ ተንኖ ከጋዙ ጋር አይወጣም፤ ከታች ዝቃጩ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጭስ ዓይኑን ካቃጠለው ኩሽና ጋር ስታወዳድሩት ባዮጋዝ አሁንም የእናቶች ወዳጅ ነው። አክስቴ ወደ እንጨት ተመለሺ ብትባል ከቤት የምታስወጣኝ ይመስለኛል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዝቃጩ ነው። ማብላያ መድኃኒትን ሁሉ እኩል አያፈርስም። ፔኒሲሊን ቶሎ ይፈርሳል። የቴትራሳይክሊን ዘሮች ግን ከጠጣሩ ነገር ጋር ይጣበቁና በከፊል ተርፈው ይወጣሉ። አክስቴ ዝቃጩን የምትደፋው ከበረቱ አጠገብ ባለች ጓሮ ላይ ነው፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ሁለት ፓፓያ አሏት። ማዳበሪያነቱ ወደር የለውም። ነገር ግን ትንሽ ትንሽ ፀረ ባክቴሪያ ያለበት አፈርና ዝቃጭ ለባክቴሪያዎች ትምህርት ቤት ነው፤ መድኃኒቱን መቋቋም ይለማመዳሉ። በሽተኛ ሆነን ሐኪም ቤት ስንሄድ «ይኼ አልሠራም፣ ሌላ እንሞክር» የምንባለው በዚህ ዓይነቱ ልምምድ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞቱ ሰዎች 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል። ይኼ ሁሉ ከከብት በረት መጣ እያልኩ አይደለም፤ ትልቁ ድርሻ የራሳችን የመድኃኒት አወሳሰድ ነው። በረቱም ግን ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ቦራ እንመለስ። ጠርሙሱን አገላብጬ ሳየው፣ በጉንዳን ፊደል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለ28 ቀን ሥጋው ለሰው አይቅረብ ይላል። ቆጠርኩ። ለፋሲካ አይደርስም። ዳግማይ ትንሣኤም አልፎ፣ ከእሱ በኋላ ያለው ሐሙስ ነው 28 ቀን የሚሞላው።

እዚህ ላይ እንደ ማርኬቲንግ ሰው አንድ ነገር ልናገር። ያ ጠርሙስ ላይ በትልቁ ያለው የጠነከረ ኮርማ ሥዕል ነው፤ ከሥዕሉ ቀጥሎ የምርቱ ስም ነው። ለገዢው ከሁሉ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን ከኮርማው ሰኮና ያንሳል፤ የተጻፈውም አክስቴ በማታነበው ቋንቋ ነው። እኛ ሙያ ውስጥ ማሸጊያ ላይ ምን እንደሚጎላ የሚወሰነው በአጋጣሚ አይደለም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። የሚኤሶው ሻጭ ግን መድኃኒቱን በፕላስቲክ ላይ ዘርግቶ፣ ፀሐይ እያነደደው፣ «ነገ ይድናል» ብሎ ነው የሸጠው። የድኅነቱን ቀን ነገራት እንጂ የጥበቃውን ቀን አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

ይኼ የአክስቴ ብቻ ታሪክ ቢሆን እዚህ ባልጻፍኩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ቄራዎች የተወሰዱ 384 ናሙናዎችን መርምሮ 71.3 በመቶው ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን አግኝቷል። ተገኘ ማለት ሁሉም ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው ማለት አይደለም። ግን ከአሥር ሰባቱ!

ወደ ውጭ ወጥቼ ቴሌግራም ከፈትኩ። «ንጹሕ» ያልኩት ጽሑፍ ሥር አሥራ አንድ የልብ ምልክት ተደርድሯል። እውነቱን ጻፍኩላቸው። አንዱ «እኛ ራሳችን ስንት አንቲባዮቲክ የዋጥን ነን፣ ይታረድ!» አለ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዝም ብላ ገንዘቧን እንድመልስላት ጠየቀች። በመጨረሻ ሌላ በሬ ከአዲስ አበባ ተፈለገ፤ በውድ። በነገራችን ላይ ያኛው መርፌ ይወጋ አይወጋ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ደፍሬ አላነሣሁትም፤ ሰው ሁሉ ተናዶብኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደው አክስቴ ናት። «አንቺ ገበያ ታመጪልኛለሽ ብዬ ስጠብቅ የነበረኝን ዘጋሽብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የቦራ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ላለው ልጇ የታሰበ ነበር። ማምሻውን አንድ ደላላ መጣ። በሬውን ዞሮ አየ፣ ጀርባውን ዳሰሰ፣ ጥሩ ዋጋ ጠራ። ስለ መርፌ አልጠየቀም፤ ማንም አይጠይቅም። ለፋሲካ ከዚያ የተሻለ ዋጋ እንደማታገኝ እሷም እኔም እናውቃለን። ከማንም በፊት ብሩን የምትፈልገው እሷ ስለሆነች አፌን ያዝኩ። አክስቴ ረጅም ጊዜ በሬውን ስታየው ቆየችና «ለትንሣኤ የሚበላው የሰው ልጅ ነው» ብላ ደላላውን ሸኘችው።

ማብላያውን በተመለከተ ከባለሙያው ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። የተወጉት በሬዎች እበት፣ የጥበቃው ቀን እስኪያልፍ ወደ ጉድጓዱ አይገባም፤ ለብቻው ተከምሮ፣ ከገለባና ከአገዳ ጋር ተደባልቆ፣ ይሸፈናል፤ በየጊዜውም ይገለበጣል። አየርና ሙቀት ያገኘ ኮምፖስት ቴትራሳይክሊንን ከማብላያው በተሻለ ያፈርሰዋል። ማብላያው ደግሞ አይራገፍም፣ አይታጠብም፤ ያልተወጋችው የላሟ እበትና ጎረቤት የሰጠችው እበት ከበቂ ውሃ ጋር በትንሽ በትንሹ ይጨመርበታል። የወጣው ዝቃጭ ቲማቲሙ ላይ አይደፋም፤ ጥሬውን የሚበላ ነገር ነውና። ወደ ኮምፖስቱ ክምር ይግባ፤ ሲበስል ከአፈር ጋር ይቆፈር። ቀላል ይመስላል አይደል? አክስቴ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰል ገዝታለች፤ የተጨማሪ ውሃ ጄሪካንም አለ። ጥንቃቄ ነፃ ነው የሚል ሰው ሚኤሶ ሄዶ ውሃ ይግዛ።

ቦራ ከፋሲካ በኋላ ተሸጠ፤ እንደጠበቅነው ዋጋው ወርዶ። የልዩነቱን ግማሽ እኔ ከፈልኩ። ሌላኛውን ግማሽ አክስቴ ዛሬም ስልክ በደወልኩ ቁጥር ታነሣብኛለች።

ምድጃው ቀስ በቀስ አገገመ። አሁን የበረቱ በር ላይ በከሰል የተሠመሩ መስመሮች አሉ፤ አንድ ከብት በተወጋ ቁጥር ቀኑን ትቆጥራለች። ባለፈው ወር ላሟ ጡቷን አሟት ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ልትገዛ ገበያ ወጥታ ነበር። ሻጩን «ስንት ቀን ነው የማይታለበው?» ብላ ጠየቀችው። ሻጩ አያውቅም። «ታዲያ ጠርሙሱ ላይ አለልህ፤ አንብብልኝ» አለችው። ሰውየው መነጽሩን ፈለገ፣ ጠርሙሱን አራቀ፣ አቀረበ፤ በመጨረሻም ሻይ የምትሸጠውን ተማሪ ልጁን ጠርቶ አስነበበላት።